የሳሎን ምድጃ ሙቀት መኝታ ቤት ድረስ እንዲደርስ ምን ላድርግ?

የሁላ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። እኔ የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ጥያቄዬ ግን ሲዳማ፣ ሁላ ወረዳ፣ ሀገረ ሰላም ስላለው የእናቴ ቤት ነው። ቦታው ከባሕር ወለል 2,750 ሜትር ገደማ ነው፣ ከሐዋሳ በ1,000 ሜትር ያህል ይበልጣል። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከደጃፍ አይነሳም። የድሮው የቀርከሃ ቤታችን መሃሉ ላይ እሳት ነበረው፣ ከብቱም አብሮን ስለሚያድር ብርድ አናውቅም ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አፍርሼ በብሎኬት ሠራሁላት፤ አንድ ሳሎንና ሦስት መኝታ። ጎረቤቱ ሁሉ መረቀኝ። እሷ ግን «ቤቱስ ያምራል፣ ሙቀት የለውም እንጂ» ትለኛለች።

አሁን በር ያለው የብረት ምድጃ ከነጭስ ማውጫው እዚሁ ሐዋሳ አስበይጄ ሳሎኑ ውስጥ ልተክልላት ነው። ባህር ዛፉ ከጓሮ አለ። የፈራሁት ሳሎኑ እንደ ዳቦ ቤት ግሎ መኝታዎቹ እንዳሉ እንዳይቀሩ ነው። ሰው ሦስት ነገር መክሮኛል። አንዱ ሙቁን አየር በቱቦና በቬንትሌተር ግፋው ይላል፣ ሌላው ውሃ አሙቀህ በራዲያተር አዙር ይላል፣ ሦስተኛው የጭስ ማውጫውን በመኝታ ቤቶቹ አሳልፈህ አውጣው ይላል። የቱ ይሻላል? እስካሁን ማታ ማታ የከሰል ማንደጃ ይዛ ነው የምትገባው።

የሐይቅ ዳር፦
እኛ በየካቲት ሙቀት መስኮት ከፍተን መተኛት አቅቶናል፣ አንተ ምድጃ ታማርጣለህ። አይ ሲዳማ፣ በአንድ ቀን ሁለት አየር!

ሲስተር፦
ወንድሜ፣ ስለ ምድጃው በኋላ ትነጋገራለህ። አሁኑኑ ደውልና ማንደጃው ከመኝታ ቤት ይውጣ። ፍም የሆነ ከሰል ጭስ ስለሌለው ሰው ይዘናጋል፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም። ነቅቶ ያለ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ወደ ውጭ ይወጣል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። «በድሮው ቤት ምን ሆንን?» እንዳትለኝ። የቀርከሃ ቤት በየቀዳዳው ይተነፍሳል፤ ያንተ ግን ተለስኗል፣ መስኮቱም በመስታወት ተዘግቷል።

የሁላ ልጅ፦
ደወልኩ ሲስተር። «እስከ ዛሬ ምን ሆንኩ?» አለችኝ። የአክስቴን ልጅ ልኬ አስወጣሁት። ለጊዜው ብርድ ልብስ ጨምሬ እልክላታለሁ።

በያጅ ከአቶቴ፦
ሦስተኛውን እኔ አልሠራልህም፤ ገንዘብ ብትጨምርም አልሠራም። ጭስ ማውጫ ተጋድሞ በረዘመ ቁጥር ጭሱ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ጥቀርሻ ይጋገርበታል፣ ምድጃውም መሳብ ያቅተዋል። ጥቀርሻው አንድ ቀን ከተያያዘ ቱቦው ራሱ እሳት ይሆናል። መገጣጠሚያው እናትህ የምትተኛበት ክፍል ውስጥ ሆኖ ቢላቀቅስ? ሲስተር ያወጣችውን በጓሮ በር መልሰህ አስገባኸው ማለት ነው።

ቀጥ አድርገህ ሳሎኑ ውስጥ አውጣው፤ ኤልቦ (መታጠፊያ) አታብዛ። ቱቦው ራሱ ብዙ ሙቀት ይሰጥሃል። ከጣራው ከወጣ በኋላ ቢያንስ 90 ሳንቲም ይቁም፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ያለ የጣራ ጫፍ ካለም ከእሱ በ60 ሳንቲም ይብለጥ። እኔ ለእናንተ አገር እጨምርበታለሁ፤ እዚያ ላይ አየሩ በባሕር ወለል ካለው አየር ሩብ ያህል ስለሚሳሳ መሳቡ ይደክማል። ኮርኒሱን የሚያልፍበት ቦታ ላይ ሞራሌም ቺፕውድም በ45 ሳንቲም ውስጥ እንዳይኖር፤ ክፍተቱን በላሜራ ዝጋው። ደግሞ ርካሽ ነው ብለው ለእሳት ቤቱም ለቱቦውም ጋልባናይዝ (ዚንክ የተቀባ ላሜራ) እንዳይሠሩልህ። ዚንኩ ሲግል የሚያወጣው ጭስ መጥፎ ነው። ጥቁር ላሜራ ብለህ እዘዝ።

ቧንቧ ሠራተኛው፦
ራዲያተር የእኔ ሥራ ስለሆነ «ግባበት» ብልህ ይጠቅመኛል። ግን አትግባበት። ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ እሳቱ ግን አብሮ አይጠፋም። ምድጃው ውስጥ የቀረው ውሃ ይፈላል፤ በእናንተ ከፍታ ደግሞ 91 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ፈጥኖ ነው። መተንፈሻ የሌለው ከሆነ ቤት ውስጥ ቦምብ አስቀመጥክ ማለት ነው። ያለ ፓምፕም ይሠራል፣ ሙቅ ውሃ ቀላል ስለሆነ በራሱ ወደ ላይ ይሄዳል። ግን ራዲያተሮቹ ከምድጃው ከፍ ብለው፣ ቱቦው ሰፍቶ፣ ከሁሉም በላይ ክፍት ታንከር ተቀምጦ ነው። ባለ አንድ ወለል ቤት ላይ ይህን ማስተካከል ራስ ምታት ነው።

ከሚኒሶታ የመጣ፦
የመጀመሪያውን እኔ ሞክሬ ከስሬበታለሁ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ሳለሁ ቤቴ የእንጨት ምድጃ ነበረው። ከኮርኒሱ በላይ ቱቦ ዘርግቼ በቬንትሌተር ሙቁን አየር ወደ መኝታ ገፋሁት። ቱቦው የሚያልፈው በብርድ ጣራ ውስጥ ስለነበር ሲደርስ ለብ ያለ ነገር ሆኖ ነው፤ ድምፁ ግን እንቅልፍ ይነሳ ነበር።

በኋላ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ያሳየኝ ሌላ ነው። ሙቁን አትግፋ፣ ቀዝቃዛውን ግፋ። ትንሽ የወለል ቬንትሌተር የመኝታ ቤቱ በር አጠገብ መሬት ላይ ታስቀምጣለህ፣ ፊቱን ወደ ሳሎን ታዞራለህ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ እሱን ወደ ምድጃው ስትልከው ቦታውን ለመሙላት ሙቁ አየር በበሩ የላይኛው በኩል ይገባል። መሥራቱን ለማወቅ የሶፍት ቁራጭ በክር አስረህ ከበሩ ራስ ላይ አንጠልጥል። ወደ መኝታው ካዘነበለ እየሠራ ነው።

የሁላ ልጅ፦
ይሄ ደስ ይላል። መብራት ሲጠፋስ?

ከሚኒሶታ የመጣ፦
ይዘገያል እንጂ አይቆምም። በሩ ክፍት ከሆነ አየሩ በራሱም ይዞራል።

ጋሼ ግንበኛው፦
ልጄ፣ አንድ ያልነገርከን ነገር አለ። መኝታዎቹ ኮርኒስ አላቸው?

የሁላ ልጅ፦
ጋሼ፣ ሳሎኑ ብቻ ነው ያለው። የመኝታዎቹ ገንዘብ ሲገኝ ይሠራል ብዬ ትቼው ነበር። ቆርቆሮው ይታያል።

ጋሼ ግንበኛው፦
እንግዲያው በራዲያተርም በቬንትሌተርም የምታሞቀው የሁላን ጉም ነው። የእናትህን ክፍል ኮርኒስ ከምድጃው በፊት አሠራ። ቆርቆሮና ግድግዳው የሚገናኙበት ላይ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አይጠፋም፤ እሱንም ድፈነው። ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሸሸው፣ ክዳን የሌለው ድስት እንዴት ይሞቃል?

ሁለተኛ፣ ከክፍሎቹ የእሷን የሚጋራው የሳሎን ግድግዳ የቱ ነው? ምድጃው ወደዚያ ይጠጋ። ብሎኬት ሆዱ ባዶ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ምድጃው ጀርባ ያለውን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍተህ በሸክላ ጡብ ሙላው። እሳቱ ከጠፋም በኋላ ጡቡ ለተወሰነ ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። ግን ከላዩ ቢም መኖሩን የሚያውቅ ሰው ሳያይ ግድግዳ አትንካ። ከበሯ በላይ ደግሞ ፍርግርግ ያለው ቀዳዳ፣ ከበሩ ሥር ሁለት ሦስት ሳንቲም ክፍተት ተው። በር ዘግታ መተኛት ትወዳለች እንደሆን አየሩ መግቢያና መውጫ ያገኛል።

ሲስተር፦
ከሳሎኑም አንድ የአየር መግቢያ ከውጭ ይተውለት ጋሼ። እሳቱ የሚበላው አየር ከየት ይመጣል?

ጋሼ ግንበኛው፦
ልክ ነሽ ልጄ፣ ዘንግቼው ነበር። ከምድጃው አጠገብ ከግድግዳው ሥር ይሁን፣ አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ይደረግበት። አንተ ደግሞ ንገረኝ፣ በሌሎቹ ሁለት መኝታዎች ማን ያድራል?

የሁላ ልጅ፦
ማንም። እኛ ለፍቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ስንሄድ ብቻ ነው።

ጋሼ ግንበኛው፦
ታዲያ ለማን ነው የምታሞቃቸው? በራቸውን ዝጋ። ሥራህ አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ነው። ለፍቼ ስትሄዱ ተቃቅፋችሁ ተኙ።

በያጅ ከአቶቴ፦
እንጨቱን አትርሳ። ዛሬ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እሱን ካነደድክ እሳቱ ቤቱን ትቶ ውሃ ሲያፈላ ያመሻል፣ ጥቀርሻውም ይብሳል። በጥቅምትና በኅዳር ተፈልጦ፣ ከጣራ ጥግ ሥር ነፋስ እንዲያገኘው ተደርድሮ፣ በሚቀጥለው ክረምት ይነደድ። ቱቦውን ደግሞ በየክረምቱ መግቢያ የሚጠርግ ሰው ይኑር።

የሁላ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ራዲያተሩንም የአየር ቱቦውንም ትቻቸዋለሁ። መጀመሪያ የእሷን ክፍል ኮርኒስ አሠራለሁ፣ ቀጥሎ ምድጃው ከጡቡ ግድግዳ ጋር ይተከላል፣ ትንሽ ቬንትሌተርም እገዛለሁ። ቢሙን የሚያይልኝ ሰው ቅዳሜ ይዤ እወጣለሁ። አሁን ደውዬ ሳስረዳት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጀበና ይጥዳል ወይ በለው በያጁን»።

በያጅ ከአቶቴ፦
ይጥዳል በላቸው። ላዩን ዝርግ አደርገዋለሁ። ልክ እንድወስድ ከጀበናቸው ጋር እኩል የሆነ አንድ ይዘህ ና።