ስናፕሾቱን መለስኩት፣ ሎጉን ግን አልቀበል አለኝ

የማታ ተረኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጠዋት ጀምሮ ተጨንቄያለሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ። የምንጠቀመው ዳታቤዝ የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2022 ነው። ዛሬ ረቡዕ 10:42 ላይ (የምጽፈው ሁሉ በሰርቨሩ ሰዓት ነው) የትዕዛዞች ሠንጠረዥ ያለ «ዌር» (የትኞቹ ረድፎች እንደሆኑ ሳይለይ) ዲሊት ተደረገ። ስቶሬጁ 02:00 ላይ የወሰደው ስናፕሾት (የዲስኩ የዚያች ቅጽበት ቅጂ) አለ። በየ15 ደቂቃው የሚወሰድ የሎግ (የለውጦች መዝገብ) ባክአፕም አለ። ስናፕሾቱን ሌላ ዲስክ ላይ አውጥቼ ፋይሎቹን በሌላ ስም አታች አደረግኩ (ከሰርቨሩ ጋር አገናኘኋቸው)። ዳታቤዙ ተከፈተ፣ እስከ ሌሊቱ ያለው ዳታ ሁሉ አለ። የመጀመሪያውን ሎግ ሪስቶር ስል (ልመልሰው ስል) ግን ስህተት 3117 ይለኛል። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ጠዋት የተሠራው በሙሉ ሄደ ማለት ነው?

ሰማያዊ ገመድ፦
አይዞህ። ዋናው ዳታቤዝ ፉል ሪከቨሪ (ለውጦች ሁሉ በሎግ ባክአፕ እስኪወሰዱ የሚቆዩበት ሁነታ) ላይ ነው? ከስናፕሾቱ ሌላ መደበኛ ፉል ባክአፕስ (የመላው ዳታቤዝ ቅጂ) አለህ?

የማታ ተረኛ፦
አዎ፣ ፉል ሪከቨሪ ነው። የእሑድ 02:00 ፉል ባክአፕ አለ። ግን ስናፕሾቱ ይቀርባል ብዬ ተውኩት።

ሎግ ጠባቂ፦
ወንድሜ፣ ዳታህ አልጠፋም። መጀመሪያ የሆነውን ልንገርህ። አታች ስታደርግ ሰርቨሩ ያልተጠናቀቁ ትራንዛክሽኖችን መልሶ ዳታቤዙን ከፈተው። አንዴ ከተከፈተ የራሱን መንገድ ይዟል፤ የቀድሞው ሎግ ሊቀጠልበት አይችልም። 3117 የሚልህ ይህንኑ ነው።

ያ ስናፕሾት ሜታዳታ ፋይል (ሰርቨሩ ስናፕሾቱን እንደ ባክአፕ እንዲያውቀው የሚያደርግ ትንሽ ፋይል) ስለሌለው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ወደ እሑዱ ተመለስ። ከእሑድ እስከ ዛሬ ያሉት ሎጎች አንድም ካልጎደለ ሰንሰለቱ ሙሉ ነው።

ፉል ባክአፑን በሌላ ስም፣ «ሙቭ» ብለህ ፋይሎቹን ሌላ ቦታ አስቀምጠህ፣ «ኖሪከቨሪ» (ዳታቤዙን አትክፈት፣ ቀጣዩን ሎግ ጠብቅ) ጨምረህ ሪስቶር አድርግ። ከዚያ ሎጎቹን በቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱን በ«ኖሪከቨሪ»። ከ300 በላይ ፋይል ስለሚሆን በእጅህ አትጻፈው፤ ኤምኤስዲቢ (ሰርቨሩ የራሱን መዝገብ የሚያስቀምጥበት ዳታቤዝ) ውስጥ ካለው የባክአፕ ታሪክ ስክሪፕት አውጣ። መሃል ላይ ስህተት 4305 ካየህ አንድ ሎግ ዘለሃል ማለት ነው። «ኖሪከቨሪ» የሚለውን ቃል እንዳትረሳ አደራ። ምንም ካልጻፍክ ሰርቨሩ «ሪከቨሪ» (ዳታቤዙን ክፈት) እንዳልክ ይቆጥረዋል። እኔ ከዓመታት በፊት 200ኛው ሎግ አካባቢ አንዷን ረስቼ ከዜሮ ጀምሬያለሁ። ያን ሌሊት ዛሬም አልረሳውም።

10:45 ላይ የተወሰደውን ሎግ ስትደርስ «ስቶፕአት» (እዚህ ሰዓት ላይ ቁም) ብለህ 10:41:50 ስጠው። ሰዓቱን ካልተማመንክ በ«ስታንድባይ» አድርገው። ለንባብ ብቻ ይከፈትልሃል፣ ገና ከሆነ ትንሽ ወደፊት ትቀጥላለህ። ካለፍከው ግን ወደኋላ የለም፤ ስለዚህ ቀደም ካለ ሰዓት ጀምር።

የሚሠራውን ዳታቤዝ በዚህ አትተካው። ከ10:42 በኋላ የገቡ አዳዲስ ትዕዛዞች እዚያ ናቸው። የጎደሉትን ረድፎች ብቻ ቅዳ፤ ቁጥሩን ሰርቨሩ የሚሰጠው ከሆነ «አይደንቲቲ ኢንሰርት» (ቁጥሩን ራስህ እንድትጽፍ የሚፈቅደውን) ማብራት አለብህ።

ሰማያዊ ገመድ፦
በዚያው ላይ፦ 2022 ላይ ስናፕሾት ከሎግ ጋር የሚሠራበት መንገድ አለ። ስቶሬጁ ከመውሰዱ በፊት ዳታቤዙን «ሰስፔንድ ፎር ስናፕሾት ባክአፕ» ታደርገዋለህ። መጻፍ ይቆማል። ስናፕሾቱ እንዳለቀ በ«ሜታዳታ ኦንሊ» ባክአፕ ስትወስድ መጻፉ ይቀጥላል። በምትመልስበት ቀን ዲስኩን ታገናኝና በዚያች ትንሽ ፋይል «ሜታዳታ ኦንሊ፣ ኖሪከቨሪ» ብለህ ሪስቶር ታደርጋለህ። ሎጉ ከዚያ ይቀጥላል።

የማታ ተረኛ፦
ተሳካ! 10:41:50 ላይ በ«ስታንድባይ» ከፍቼ አየሁት፣ ሠንጠረዡ ሙሉ ነው። ረድፎቹን አሁን እየቀዳሁ ነው። ሎግ ጠባቂ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰማያዊ ገመድ ያልከውን ዛሬ ማታ በሙከራ ሰርቨር ላይ እስከ መጨረሻው ሎግ ድረስ መልሼ እሞክረዋለሁ።