ልጅ ገና ትንሽ እያለች የሥራ እድገት ቢመጣ፣ ትቀበላላችሁ?

የሰሚቷ፦ ሰላም ቤተሰብ። ባንክ ነው የምሠራው፣ ዘጠኝ ዓመቴ። ባለፈው ሳምንት የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሁኚ ተባልኩ። ልጄ ዓመት ከአራት ወሯ ነው። አሁን ባለሁበት ቦታ እንኳ ጠዋት 12 ሰዓት ከሰሚት ወጥቼ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ነው ቤት የምደርሰው፤ ሥራ አስኪያጅ ስትሆኚ ደግሞ ሒሳብ ሳይዘጋ ንቅንቅ የለም። ትናንት ማታ ስገባ ሠራተኛችን አዝላታለች። እጄን ዘረጋሁላት፣ ፊቷን አዙራ ጀርባዋ ላይ ልጥፍ አለች። መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ እድገቱ ይቅርብሽ ትላለች። ባሌ "አንቺ የመሰለሽን" ይላል። እስቲ ፍረዱ።

የድሮ ሰው፦ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚ። ሥራ ይተካል፣ ልጅ አይተካም። እኛ ያደግነው እናት ቤት ውስጥ ስላለች ነው። የዛሬ ልጅ የሚያድገው በሞግዚትና በዩቲዩብ ነው፤ ከዚያ አድጎ እንቢ ሲል እንገረማለን። ሁለት ሦስት ዓመት ብትታገሺ ምን ይጎድልብሻል?

የጉልት ልጅ፦ የድሮ ሰው፣ የትኛዋ እናት ናት ቤት የነበረችው? የኔዋ ጠላ ትጠምቅ ነበር፣ ቅዳሜና ረቡዕ ጉልት ትወጣለች፣ እኔ ጀርባዋ ላይ። ታናሼ ሲወለድ ደግሞ እኔን ለጎረቤት ሰጥታኝ ነው የምትሄደው። እትዬ ጋ በልቼ፣ እትዬ ጋ ተገርፌ፣ እትዬ ጋ ተኝቼ ነው ያደግኩት። እናት ድሮም ትሠራ ነበር፤ የጠፋው ጎረቤቱ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ማን በሩን ክፍት ትቶ ልጅሽን ያይልሻል?

ላጤው፦ ይሄን ሳነብ ሚስት ፍለጋዬን ለጊዜው አቆምኩ።

የጉልት ልጅ፦ አንተ ዝም በል፣ ትልቅ ሰው እያወራ ነው 😂

ያቋረጠችው፦ እኔ አድርጌዋለሁ። አካውንታንት ነበርኩ፣ መንታ ወልጄ አራት ዓመት ቤት ዋልኩ። አይቆጨኝም፣ የመጀመሪያ እርምጃቸውን ያየሁት እኔ ነኝ። ግን ይሄን ማንም አይነግርሽምና ልንገርሽ፦ ሞዴስ መግዣ ከባሌ ስጠይቅ የተሰማኝን ስሜት እስከዛሬ አልረሳውም። ባሌ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሳያጉረመርም ነው የሚሰጠኝ። ግን "ለምን?" ይላል ሁሌ። ስመለስ ደግሞ ከኔ በኋላ የተቀጠረች ልጅ አለቃዬ ሆና ጠበቀችኝ።

የድሮ ሰው፦ ይሄን አልክድም። ግን ባልሽ "ለምን" ማለቱ የባልሽ ጥፋት ነው እንጂ ቤት የመዋልሽ አይደለም።

አዋጅ አንባቢ፦ ሁላችሁም እናትዮዋን ነው የያዛችሁት። አባትየው "የመሰለሽን" ብሎ ወጣ፣ አለቀ? ሕጉም ያው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደሞዟ ታገኛለች። አባት? ሦስት ቀን። ሦስት! ክርስትና እንኳ 40 ወይ 80 ቀን ይጠብቃል። ለመንግሥት ሠራተኛ በ2010 የወጣው አዋጅ 10 የሥራ ቀን ሰጥቶ ነበር፣ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸውም ያኔ ነው የተደነገገው። የሰሚቷ፣ ማቆያ ያለው መሥሪያ ቤት የምትሠራ ጓደኛ ካለችሽ ጠይቂያት፤ ምሳ ሰዓት ወርዶ አጥብቶ መመለስ ማለት ምን እንደሆነ ትነግርሻለች።

ከስቶክሆልም፦ ስዊድን ለአንድ ልጅ 480 ቀን ነው ለሁለት የሚካፈሉት፤ ከዚያ ውስጥ 90ው የአባት ብቻ ነው፣ ካልወሰድከው ይቃጠላል። እኔ ስምንት ወር ወስጄ ጋሪ ስገፋ ከረምኩ። እናቴ ከጎንደር ደውላ "ሚስትህ ታማለች እንዴ?" አለችኝ። አይ ደህና ናት፣ ሥራ ሄዳ ነው ብላት ለደቂቃ ዝም አለች። ልጁ ግን አሁን ሌሊት ሲባንን የሚጠራው እኔን ነው።

የድሮ ሰው፦ ወንድሜ፣ የስዊድንን ግብር ክፈልና የስዊድንን እረፍት ውሰድ። እዚህ ስምንት ወር ቢቀር ደሞዙን ማን ይከፍላል?

ከስቶክሆልም፦ ልክ ነህ፣ ግብሩ አጥንት ድረስ ነው። ግን ማታ ልጅ ለማጠብ ምን ግብር ያስፈልጋል?

አንዷ፦ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ስለ ሠራተኛዋ አንድ ሰው አላነሳም። እኛ ቤት ያለችው ልጅ የራሷ የሦስት ዓመት ልጅ አላት፣ ደብረ ታቦር እናቷ ጋ። እሁድ እሁድ በኔ ስልክ ቪዲዮ ታወራታለች፤ ልጅቷ አያቷን ነው "እማ" የምትለው። አዋጅ አንባቢ፣ ያ የጠቀስከው 90 ቀን ለእሷ ይሠራል?

አዋጅ አንባቢ፦ አይሠራም። አዋጁ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፣ ለብቻው በሚወጣ ደንብ ይወሰናል ነው የሚለው።

አንዷ፦ በቃ እሱን ነው ማለት የፈለግኩት። የሰሚቷ እድገቱን ትቀበል፣ እኔም ሠራተኛ ነኝ፣ አልፈርድም። ግን ከሚጨመርልሽ ደሞዝ ላይ ለሠራተኛሽም ጨምሪላት። ሥራ አስኪያጁ ቅርንጫፍ ሲያመሽ የምታመሸው እሷ ናት።

የድሮ ሰው፦ በዚህ እስማማለሁ። በሌላው አልተለወጥኩም።

የሰሚቷ፦ አነበብኩ ሁሉንም። አመሰግናለሁ፣ የድሮ ሰውንም ጭምር፣ እናቴን መሰልከኝ። ሰኞ እቀበላለሁ፤ ቅርንጫፉ ግን ወደ ሰሚት ወይ አያት እንዲሆንልኝ እጠይቃለሁ፣ ካልሆነ እንደገና አስባለሁ። ለሠራተኛችን የምጨምርላት እስከ ሰኞ አይቆይም፣ ዛሬ ነግሬያታለሁ። ለባሌ ደግሞ ቁጭ አድርጌ አነበብኩለት። አባት ሦስት ቀን የሚለው ላይ ስደርስ "እኔ እኮ ሁለቱን ነው የወሰድኩት፣ በሦስተኛው ቢሮ ጠርተውኝ ገባሁ" አለኝ። ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ይሄን አልነገረኝም።