ከቤሩት ለተመለሰችው እህቴ ካውንስሊንግ ይጠቅማት ይሆን?

ከፍራንክፈርት፦
ሰላም ወገኖቼ። ታናሽ እህቴ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። በ2012 ዓ.ም. አሠሪዎች አምጥተው ቆንስላው በር ላይ ከጣሏቸው ልጆች አንዷ ናት። አሁን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከባሏና ከልጇ ጋር ትኖራለች። ሌሊት እየባነነች ትጮኻለች፣ በር ሲንኳኳ ትደነብራለች፣ ባሏ ሲነካት ትሸሻለች። እሱም «ልቧ እዚያው ቀርቷል» ብሎ ተቀይሟል። እናታችን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ትግባ ትላለች። እኔ ደግሞ ወደዚህ ላመጣት አስባለሁ። ካውንስሊንግ የሚባለው የሥነ ልቦና ምክር እኛ አገር ይሠራል?

ከኮሎኝ፦
እህቴ፣ ስለ ማምጣቱ ብቻ ልንገርሽ። ጀርመን ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድም ወይም እህት በቤተሰብ ጥምረት የሚገባው እጅግ ልዩ ችግር ሲኖር ብቻ ነው። ብትመጣም ለሥነ ልቦና ሕክምና ወራት ትጠብቃለች፤ ኢንሹራንሱም አብዛኛውን ጊዜ የአስተርጓሚ አይከፍልም። በአማርኛ የምትናገርበት ቦታ እዚያው ፈልጉላት።

ከቱሉ ዲምቱ፦
ሰላም እህቴ። እኔ የእህትሽ ጎረቤት ነኝ ማለት ይቻላል፤ ሥራዬም ከዐረብ አገር ከተመለሱ ሴቶች ጋር ነው።

ከባሏ ልጀምር፤ ትዳር ሲፈርስ ያየሁት እዚህ ላይ ነውና። በር ተቆልፎባት የኖረች ሴት ሰውነቷ አደጋው ማለፉን ገና አላመነም። በር ሲንኳኳ ልቧ የሚመታው አስባበት አይደለም፤ ስትነካ የምትሸሸውም እንደዚያው። ባል ይህን የሚያስረዳው ካላገኘ እንደተጠላ ይቆጥረዋል፣ ያኮርፋል። እሷ ኩርፊያውን ስታይ ይብስባታል። ስለዚህ እህትሽ ከፈቀደች አንዳንዱ ቀጠሮ ላይ አብሯት ይግባ። ሳይጠይቅ አለመንካትን፣ ስትባንን ከመያዙ በፊት በስሟ ጠርቶ «ቤትሽ ነሽ፣ ኮዬ ነሽ» ማለትን እዚያ ይማራል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሌሊቱን ለሁለቱም ይቀይረዋል።

ሌላው፣ «ሁሉንም ተናግረሽ ይውጣልሽ» የሚሏትን ከልክሉልኝ። ክፉ ያየን ሰው አስቀምጦ በአንድ ጊዜ ሁሉን ማናዘዝ እንደማያድን የታወቀ ነው፤ አንዳንዱንም ይጎዳል። ደህና ባለሙያ መጀመሪያ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ፣ ዛሬ ስለሚያሰጋት ነገር ይጠይቃል። ፍርሃቱ ሲመጣ በእርጋታ መተንፈስን፣ እግርን መሬት ላይ አጽንቶ ዙሪያን ማስተዋልን ያለማምዳታል። ያሳለፈችውን የምትናገረው በራሷ ፈቃድ፣ በአቅሟ ልክ ነው። በዚያ ላይ ያተኮረው ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 16 ቀጠሮ ይወስዳል፤ በሁለተኛው ሳምንት «ምን ለውጥ አመጣ?» ብላችሁ አታስጨንቋት።

ምልክቱ ከአንድ ወር አልፎ ኑሮዋን ካወከ መታየት አለበት፤ የእህትሽ ደግሞ ዓመታት ሆኖታል። ከሰፈሯ ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋ መርካቶ አካባቢ ወዳለው አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል መሄድ ትችላለች። አጋር ኢትዮጵያም ከስደት የተመለሱ ሴቶችን ሲደግፍ የቆየ ድርጅት ስለሆነ ጠይቁ። ከኮዬ ከተማ መግባት ግን ግማሽ ቀን ይበላል፤ ብዙዎች ቀጠሮ የሚያቋርጡት በታክሲ ሰልፍና ልጅ የሚይዝላቸው በማጣት ነው። ብር የምትልኪ ከሆነ ለትራንስፖርትና ለልጅ ጠባቂ ይሁን። «መሞት ይሻለኛል» ካለች ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት፣ ብቻዋንም አትተዋት።

ጠበሉንም አትከልክሉ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብራችሁ ውሰዱ ብለው አስተምረዋል፤ ይህም እንደዚያው ነው። መድኃኒት ከታዘዘላት ግን ለጠበል ብላ እንዳታቋርጥ።

ከፍራንክፈርት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን «እብድ ልትሉኝ ነው» ብትለኝስ?

ከቱሉ ዲምቱ፦
ትልሽ ይሆናል። ስለ ቤሩት አታንሺባት። «እንቅልፍ አጥተሻል አሉኝ፤ ለእንቅልፉ የሚረዳሽ ሰው አለ፣ የምትነግሪውንም ለእኛ አያወራም» በያት። እንቢ ካለች አትጫኛት፣ በሌላ ቀን ደግመሽ ጠይቂያት። እስከዚያው ባሏ ብቻውን መጥቶ ቢያማክር ይቻላል፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የት እንደሚሄድ እጠቁመዋለሁ።