ጥቆማ፦ ለቲማቲም የሚሆን የውሃ ጄል ድሬ የት ይገኛል?

የሳቢያኑ፦ ሰላም የድሬ ልጆች። ጓሮዬ ቲማቲም ተክያለሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሮቶ ሞልቼ ነው የማጠጣው። አፈር ውስጥ የሚቀበረው ውሃ ያዥ ጄል ይሻላል ወይስ የጠብታ መስኖ? የትስ ልግዛ?

አቦ ከዚራ፦ ታይዋን ገበያ ጋ ያለው የእርሻ ዕቃ ሱቅ። ሌላ ቦታ እንዳትሄድ። ሰውየው ወንድም ማለት ነው።

ሚሚ፦ አቦ ጄል አታንሱብኝ! አንዱ ነጋዴ «በወር አንዴ ብታጠጪ ይበቃል» ብሎ ሸጠልኝ። እንዳለኝ አደረግኩ፣ ችግኙ ክው ብሎ ደረቀ። ስደውልለት «አፈርሽ ነው ችግሩ» ብሎ ዘጋብኝ።

ለገሃሬ፦ በስንት ገዛሽው?

ሚሚ፦ እሱን ተወው፣ ባሌ እዚህ ግሩፕ ውስጥ አለ።

ዋሪያ፦ በወር አንዴ? በድሬ ሙቀት? ጄሉ ማታ ማታ እየተነሳ ከደቻቱ ወንዝ ሊቀዳልሽ ነበር መሰለኝ። ደቻቱም እኮ ጎርፍ ካልመጣ አሸዋ ነው።

የሐረሯ፦ እኔ ዘሩ ላይ ነው የማተኩረው። መልካሾላ የሚባለውን የቲማቲም ዝርያ ሞክሩ፣ የመልካሳ እርሻ ምርምር ማዕከል ያወጣው ነው።

ጓሮ ወዳጅ፦ ወንድሜ፣ ጄሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ውሃ አይፈጥርም። ያጠጣኸውን ይዞ ቀስ እያለ ለሥሩ ይሰጣል። አሸዋማ አፈር ላይ ይጠቅማል። ችግሩ የእኛ ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያህን ውስጡን እየው፣ ያ ነጭ ቅርፊት ካልሲየም ነው። ጄል ጨው በሌለው ውሃ የክብደቱን መቶዎች እጥፍ ይጠጣል፤ ካልሲየም ሲበዛ ግን እንደዚያ አያብጥም። የጠብታ መስኖውንም ቀዳዳ የሚደፍነው እሱው ነው። ማጣሪያ የሟሟውን ካልሲየም ባያስቀርም ቅርፊትና አሸዋ ይይዛልና ግጠምለት፣ የቱቦውን ጫፍ እየፈታህም እጠበው።
ከሁሉም በፊት ግን መቼ እንደምታጠጣ እወቅ። ከተክሉ አጠገብ አንድ ስንዝር ቆፍረህ አፈሩን ጨብጠው። ከተድቦለቦለ ቆይ፣ ከተበተነ አጠጣ። ማለዳ ይሁን፣ ቅጠሉንም አታርጥበው። አበባና ፍሬ ሲይዝ በጭራሽ አታስጠማው። አንዴ አጥለቅልቀህ ሳምንት ከተውከው ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ቂጡም ይጠቁራል።

አቦ ከዚራ፦ ይሄን ሁሉ የታይዋኑ ሰውዬ በነፃ ይነግርሃል።

ሚሚ፦ እሱ እንዳይሆን የሸጠልኝ?

አቦ ከዚራ፦ ኧረ ዋላሂ! እሱ ጄል አይሸጥም።

ዋሪያ፦ ታዲያ ጄል የት ልግዛ ያለውን ሰው ምን ብለህ ነው የምትልከው?

አቦ ከዚራ፦ ባልዲ ይግዛ።

የሳቢያኑ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሐረሯ፣ ዘሩን ድሬ መላክ ይቻላል?