ለሚኒያፖሊስ የጥር ብርድ የሚሆን አለባበስ ምከሩኝ

በመጪው ጥር ለእኅቴ ሠርግ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ስለምሄድ፣ ብርዱን የሚከላከልልኝና የሚያምርብኝን አለባበስ እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በከተማዋ የጥር ሌሊት ቅዝቃዜ በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቀዘቅዝ ከውስጥ ስስ ሱፍ መልበስ እንደሚሻል አውቃለሁ፤ መሀል ከተማው ውስጥ ደግሞ ሕንፃዎቹን የሚያገናኙ ዝግ መተላለፊያዎች ስላሉ ለሽርሽሩ ብዙም አልሰጋም።

በእጅጉ ያስጨነቀኝ የሀበሻ ቀሚሴ ነው። ሸማው ስስና ነጭ በመሆኑ ከሥሩ ጥቁር የሱፍ ታይት ብለብስ አጉልቶ ያሳያል ብዬ እፈራለሁ፤ የቆዳዬን ቀለም የሚመስል ይሻል ይሆን? ጥለቱ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ስለሚወርድም አጭር ካፖርት ብደርብበት በረዶውና እሱን ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እንዳያበላሸው እሰጋለሁ፤ በላባ የተሞላው ረጅሙ ጃኬት ደግሞ፣ በእኔ ዓይን፣ የቀሚሱን ውበት ፈጽሞ ይሸፍነዋል። ወገቡ ላይ የሚታሰር ረጅም የሱፍ ካፖርት ለዚያ ብርድ ይበቃል? እስከ አዳራሹ በቦት ጫማ ሄጄ እዚያ ተረከዛማ ጫማ ብቀይርስ ያስነውራል? እዚያ የምትኖሩ እኅቶች፣ ካፖርቱን ከዚህ ገዝቼ ልምጣ ወይስ ከደረስኩ በኋላ ብገዛ ይሻላል?