ባልዲ ውስጥ የሚነከረው ማሞቂያ ነዘረኝ፤ ምን ላድርግ?

እባካችሁ ኤሌክትሪክ የምታውቁ ሰዎች እርዱኝ። ባልዲ ውስጥ የሚነከር፣ ጥምዝ ብረት ያለው ውሃ ማሞቂያ አለኝ። 1500 ዋት ነው። አዲስ እያለ 20 ሊትር ውሃ በግማሽ ሰዓት ገደማ ለገላ መታጠቢያ ያደርስልኝ ነበር። አሁን አንዳንዴ ገና እንደሰካሁት ብሬከሩ ይወርዳል።

ትናንት ደግሞ የባሰ ነገር መጣ። ውሃው ሞቆ እንደሆነ ለማየት ጣቴን ነከር ሳደርግ ነዘረኝ። በጣም ደነገጥኩ። ሳይነቀል ውሃውን መንካት እንደሌለብኝ አውቃለሁ፤ ግን ቸኩዬ ነበር። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ፣ እነሱ ቢነኩትስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልሰካሁትም።

ሳየው ብረቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮበታል። ከመያዣው አጠገብ ደግሞ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ቅርፊቱን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፌ ማስለቀቅ እችላለሁ። የሚያስጨንቀኝ ስንጥቁ ነው። ውሃ በዚያ ገብቶ ይሆን? ወይስ ችግሩ የቤቱ መስመር ነው? ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ይኑረው አይኑረው በምን ላረጋግጥ? ባልዲው ፕላስቲክ ነው። የምሰካውም በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ስንጥቅ ይጠገናል ወይስ ልጣለው? ለመጣሉ ዝግጁ ነኝ። አዲስ ከገዛሁ ግን ምን ዓይነት ልምረጥ? ውሃው ሲሞቅ በራሱ የሚጠፋውን የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።