በዳሎል ፍርስራሽ የአባቴን የሥራ ቦታ ለማግኘት

የምኖረው ለገጣፎ ነው። ነፍሱን ይማረውና አባቴ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአፋር በሚገኘው የዳሎል የፖታሽ ማዕድን ማውጫ መካኒክ ነበር፤ በእጄ የቀረው ከጨው ጡብ በተሠራ ግድግዳ ሥር መፍቻ ይዞ የተነሣው ፎቶግራፍ ብቻ ሲሆን፣ ከጀርባው «ከጋራዡ ጎን» የሚል የእጅ ጽሑፉ አለበት። ባለፈው ጥር ለዳሎል ቅርብ ከሆነችው ከሐመድ ኤላ መንደር ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ፎቶውን ከየፍርስራሹ ጋር አስተያየሁ፤ ሆኖም ጣሪያዎቹ ወድቀዋል፣ ግድግዳዎቹም ጨው በመሆናቸው ጠርዛቸው ተሸርሽሮ ሁሉም አንድ መስለዋል። ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. አማካይ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ በተመዘገበበት በዚያ ስፍራ ከረፋዱ በኋላ መቆየት ስላልተቻለኝ ሳላገኘው ተመለስኩ። በመጪው ኅዳር እናቴን ይዤ ልሄድ አስቤያለሁ። እዚያ የሠራችሁ ወይም ከወላጆቻችሁ የሰማችሁ፣ ጋራዡ ከሠራተኞቹ መኖሪያ በየት በኩል ነበር?